የጋሼ አፈር ካርቶን

«ክፍሉን ክፈቺልኝና የአባቴን ዕቃ ሰብስቤ ልሂድ... ቸኩያለሁ!»

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

የወጣቶች ሳይንስ ክበብ አሠልጣኟ ቀና ብላ አየቻት።

«የጋሼ አፈር ልጅ ነሽ አይደል? ቁርጥ እሳቸውን!»

«እንደዛ ይሉኛል» አለች... ፊቷን አጥቁራ።

ጋሼ አፈር ማለት አባቷ ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ... ዕድሜውን ሙሉ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬ ልጆችን ሳይንስ ያስተማረ ሰው። አፈር ዘግኖ እያሸተተ ስለሚያስረዳ ነው ተማሪዎቹ ስሙን ያወጡለት። ስድብ እንዳይመስላችሁ... ፍቅር ነው።

አሁን ግን ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ውሏል።

ይሰማል... ያያል... ምላሱ ግን እምቢ ብሏል።

«ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ያው ነው። ድሮም ከኔ ጋር ብዙ አያወራም።»

ኧረ በስማም! አባት ታሞ እንዲህ ይባላል?

ቆይ ግን... አትፍረዱባት። እኔም ታሪኩን ስሰማ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ፈርጄባት ነበር።

ልጅት ተማሪ ሳለች ከካርቶን የእንቁላል መፈልፈያ ሠርታ ነበር። አምፖሉ ለሙቀት... ከሥር ደግሞ አየሩ እንዳይደርቅ እርጥብ ስፖንጅ። እንቁላሎቹን እያገላበጠች እንደ አራስ ስትጠብቃቸው ከረመች።

ተፈለፈሉላት!

ደስታዋን አትጠይቁኝ። ካርቶኗን ታቅፋ ወደ ወጣቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን በረረች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

አባቷ።

መጣ... ጎንበስ ብሎ አየ... ስፖንጁን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ... ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣

«ይሄ ገና ብዙ ይቀረዋል» ብሎ አለፈ።

በቃ። ሌላ ልጅ አሸነፈች።

እሷ ቤት ገብታ ካርቶኑን ከቆሻሻው ጋር ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ሳይንስ የሚባል ነገር ዞር ብላም አላየች። ዛሬ የመጋረጃ ሱቅ አላት። ደህና ትኖራለች... ግን ጫጩት ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

«ለሌላው ልጅ ሲያጨበጭብ ይውላል... እኔ ጋ ሲደርስ እጁ ይታሰራል» ትላለች። እናቷማ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» እያለች ነበር የምትተርትበት።

ወደ ነገራችን እንመለስ...

አሠልጣኟ ጋሼ አፈር የክበቡን ልጆች ያስተምርበት የነበረውን የማሳያ ክፍል ከፈተች።

በር ላይ ቦት ጫማው... ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ኮቱ... የአፈር ናሙና የሞላባቸው ጠርሙሶች...

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ ካርቶን። ጠርዝ ጠርዙ በፕላስተር ተጠጋግኗል። ውስጡ አምፖል... ከሥር ስፖንጅ።

ልጅት ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ይሄ... ይሄ እኮ የኔ ነው! ጥዬው ነበር!»

«ጋሼ ናቸው ከቆሻሻ ያነሱት። በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ይዞሩ ነበር። እኛ ሁላችን ጫጩት ማስፈልፈል የተማርነው በዚህ ነው። ሲጀምሩ ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ይሄን የሠራችው ልጄ ናት... ስፖንጁን ልብ በሉልኝ፣ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር!› ይሉ ነበር። ደረታቸውን ነፍተው እኮ ነው!»

«ለማን?!» ብላ ጮኸች። «ለማን ነው የሚለው? ለኔ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም!»

አሠልጣኟ አንገቷን ደፋች።

«የዛን ቀን ያሸነፍኩት... እኔ ነኝ።»

ካርቶኑን ወደ ልጅት ገፋ አደረገችላት።

«የኔ ሥራ ያንቺ አጠገብ የሚደርስ አልነበረም። እዚህ ስቀጠር ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ። ሌሎቹ ዳኞች አንደኛ ያደረጉት አንቺን ነበር። ‹ለልጁ አዳላ እንዳይሉኝ› ብለው ነጥብሽን የጣሉት እሳቸው ናቸው። ቤት ስገባ እነግራታለሁ ብለው ነበር... አንቺ በርሽን ዘግተሽ ታለቅሻለሽ። ነገ አሉ... ነገ ነገ ሲሉ...»

ስትሮኩ ቀደመው።

ልጅት ሌላውን ዕቃ ረሳችው። ካርቶኑን ብቻ ታቅፋ ወጣች።

ቤት ገብታ አባቷ አልጋ ላይ፣ ከእጁ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«አባዬ...»

ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

«ካርቶኔ ጥሩ ነበር?»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ታገለ... ላብ አጠመቀው... አንዲት ቃል ጠብ አላለችም።

ደህና በቀረችው እጁ ስፖንጁን ነካ ነካ አደረገ... ልክ እንደዛን ቀን። ከዚያ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ሰምቼሃለሁ አባዬ... ሰምቼሃለሁ» አለችው።

ታሪኩን ያጫወተችኝ ራሷ ናት። ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ይቅር ብዬዋለሁ። ግን አንዴ... አንዴ ብቻ በድምፁ ብሰማው ምን ነበረበት?»



ወዳጆቼ... ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን የሚያሳፍረን ብዙ ነን። ‹ትኩራራለች› እንላለን። ጉብዝናዋን ጎረቤት ያውቃል፣ መሥሪያ ቤት ያውቃል... የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። አድልዎን እንሸሻለን ብለን በራሳችን ልጅ ላይ እንፈርዳለን። ምስጋና የሚነገረው ለባለቤቱ ነው... ያውም አንደበት ሳይዘጋ።

እናንተስ... ለሰው ሁሉ የምታወሩለት፣ ለራሱ ግን አንድም ቀን ያልነገራችሁት ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ከዚያ በፊት ግን ደውሉለት።