የሁለት ወንበር ውለታ

አዘዘ ሄግ ከተማ የምክር ቤቱን ቢሮዎች ያጸዳ ነበር። ቤቱ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ነው፤ በየማለዳው በባቡር ይመላለሳል። ከሚያጸዳቸው ክፍሎች አንዱ የሜኔር፣ በእኛ አባባል የአቶ፣ ዳይክሁይስ ነበር። ሜኔር ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ፓርቲ መሪ ናቸው። ሁለት ወንበር ለእንግዳም አይበቃ እያሉ የሚቀልዱባቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን መንግሥት የግብር ሕጉን ለማሳለፍ ሁለት ድምፅ ጎደለው፤ ሚኒስትሮቹም ተራ በተራ የሜኔርን በር ያንኳኩ ጀመር።

ሕጉ አዘዘን ይነካዋል። አገር ቤት ወላጅ የሚጦር ሠራተኛ ጥቂት የግብር ቅናሽ ነበረው፤ አዲሱ ሕግ ያንን ሊሰርዘው ነው። አዘዘ ደብረ ማርቆስ የሚጦራቸው እናት አሉት፤ ከእሳቸው በቀር ማንም የለውም። ለእሳቸው የሚልከው ከዚያች ቅናሽ ላይ ነው። እሷ ከቀረች እናቱ ጦም አደሩ ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ደፍሮ ለሜኔር ነገራቸው። እሳቸውም ከልብ ሰሙት። ከእናቱ የመጣ ደብዳቤ እንዲያሳያቸው፣ ለልጅ ልጃቸው ደግሞ የፖስታውን ቴምብር እንዲያመጣላቸው ጠየቁት።

አዘዘ ቴምብር አልነበረውም። ከሁለት ዓመት በፊት ሳንባውን ታሞ ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ያኔ ደብዳቤዎቹ የሰፈሩ አገር ልጅ በሆኑት በጋሽ ገብረሥላሴ አድራሻ እንዲመጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሱት ያለ ፖስታ፣ ታጥፈው ነው። ገንዘቡንም ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው የሚልኩለት እኚሁ ጋሽ ገብረሥላሴ ናቸው። ፖስታውን ሲጠይቃቸው ተጥሏል አሉት፤ ዓይን ዓይኑን ማየት ግን አልቻሉም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አዘዘ ደብዳቤዎቹን ዘርግቶ እንደገና አነበባቸው። የጽሕፈቱ እጅ ተለውጧል። ድሮ «የልጅህን ዓይን ሳላይ ልሙት ወይ፣ አግባ እንጂ» እያሉ የሚነዘንዙት እናት፣ አሁን ምርቃት ብቻ ሆኗል ሥራቸው። ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል የለም። የጋሽ ገብረሥላሴ ሚስት ወይዘሮ ብዙወርቅ በየእሑዱ ወጥ ይዘውለት መምጣታቸው፣ የእናቱን የክርስትና ስም ጠይቀው በወረቀት መጻፋቸው እንኳ የሌባ ደግነት መሰለው። ጋሽ ገብረሥላሴን እንደ አባት ነበር የሚያያቸው። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ አንገበገበው።

ሕጉ ጸደቀ። ሜኔር ሁለቱን ድምፅ ሰጥተው በምላሹ ቅናሹ እንዲቆይ አደረጉ። ይጭበረበራል ለሚሉትም መላ ፈጠሩላቸው፤ ተጧሪው በሕይወት ለመኖሩ ከቀበሌው የተጻፈ ወረቀት በየዓመቱ ይቅረብ።

«እናትህን አተረፍንልህ» አሉት፣ እጁን አጥብቀው ጨብጠው።

አዘዘ ከሥራ ሲመለስ በቀጥታ ጋሽ ገብረሥላሴ ቤት ገባ።

«ቤላስቲንጉ፣ ግብር ቢሮው፣ የቀበሌ ወረቀት ይፈልጋል፤ ቀርበው ያውጡ ብለው ይጻፉልኝ» አላቸው፣ ሆን ብሎ ፊታቸውን እያየ።

ጋሽ ገብረሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «ማን ይቅረብ አልከኝ?»

«እናቴ እንጂ ሌላ ማን ይቀርባል? ስንት ብር እንደደረሳቸውም በዚያው ይነግሩናል።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ድንገት ተነሥተው ወደ ማድቤት ገቡ። ጋሽ ገብረሥላሴ እስከ እሑድ ታገሠኝ አሉት። አዘዘ ነቃሁባቸው ብሎ ወጣ። ደስ ግን አላለውም፤ መንገዱን ሙሉ ሆድ ባሰው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገብረሥላሴ ናቸው፤ ከጎናቸው አቶ ዘርኣይ የሚባሉት የሰፈሩ ኤርትራዊ አዛውንት፣ ከኋላ ወይዘሮ ብዙወርቅ ቆመዋል። ጋሽ ገብረሥላሴ እሱ በሁለት ዓመት ውስጥ የሰጣቸውን የገንዘብ ፖስታዎች በሙሉ፣ እንደታሸጉ፣ በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል።

ስለዚህ አልበሉትም፤ ለመብላት አስበው ጸጸታቸው አላስበላ ብሏቸዋል ማለት ነው። አሁን አፍረው፣ አስታራቂ ሽማግሌ ይዘው መጥተዋል። አዘዘ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀው ቁጣ ከላዩ ላይ ወረደ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ይቅር ብያለሁ ሊል ቀና አለ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።