የሩቂያ መህር

ሙሽራዋ ከሙሽራው አብልጣ የምታውቀው የቁርኣን ምዕራፍ፣ ሱራ፣ እንዴት ሆኖ መህር ይሆንላታል?

ሸህ ሸምሱ መልሱን አላወቀውም። ለኒካሁ፣ ለጋብቻ ውሉ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ግን ዐይኑን እሱ ላይ ጥሏል። ከመጋረጃው ወዲህ ወንዱ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሴቱ ፍርዱን ይጠብቃል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ሙሽራው አደም ከደብረ ታቦር በታች ባለው የሸማኔዎች ሰፈር የሚኖር፣ ከሽመና ዕቃው በቀር ምንም የሌለው ልጅ ነው። ስለዚህ ባል ለሚስቱ በሚሰጠው ስጦታ ፈንታ፣ ለሩቂያ መህር፣ ከቁርኣን ሱረቱል ሙልክን ላስተምራት ብሎ ቃል ገባ። ምስክሮቹም «እስቲ መጀመሪያ ማወቅህን አሰማን» አሉት። አደም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ በቃሉም አሳምሮ ቀራ። ሰማዩን ተመልከት ከሚለው ሲደርስ ግን ደግመህ ተመልከት የሚለውን ዘልሎ ወደ ከዋክብቱ አለፈ። ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ የዘለለውን አንቀጽ አንድ ፊደል ሳታጎድል አቃናችለት።

ሙሽራዋ ነበረች። አባቷ ሸህ ዑመር ደረሳዎቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ቁርኣን ሲያስቀሩ ከጓዳ ሆና ጥጥ እየፈተለች፣ እየሰማች ያደገች ልጅ ናት።

«ያ ረቢ!» አለ የአደም አጎት በሽር፣ ጭኑን መታ አድርጎ። «የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው ስትሉን አልነበረም? ይህችኛዋ እንኳን ዝም ልትል ባሏን ታስቀራለች!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሸምሱ ብቻ አልሳቀም። ያወቀችውን ማስተማር ማስተማር አይባልም። ሱራው መህር ካልሆነ ደግሞ የእኩዮቿ መህር አደም ላይ ይወድቃል፤ የሸህ ልጆች የሚወስዱት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ነው። አደም ላም ከየት ያመጣል? ላሟ እስክትገኝ ይቆይ እንዳይባል፣ የሚድሯት አባቷ ሸህ ዑመር ነገ ማለዳ ወደ ምጽዋ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ለሐጅ ይነሳሉ። ሄዶ መመለሱ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ መመለሱንም የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

ሸምሱ ከባሕሩ ማዶ፣ ዘቢድ በሚባል የዓረብ ከተማ፣ ሰባት ዓመት ተምሮ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው። ሲሄድ አንድ መልስ የነበረው ነገር ሁሉ ሲመለስ ሁለት ሆኖበታል። «በወንዛዬ ፍል ውሃ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ ይደረጋል?» ሲሉት «ሁለት ቃል አለው፤ የሚፈቅድም የሚከለክልም አለ» አለ። «ሶላት ላይ ያነጠሰ ሰው አልሐምዱሊላህ ይበል?» ሲሉትም «እሱም ሁለት ቃል አለው» አለ። ሰፈሩም ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም።

«እህሳ፣ ሸህ ሁለት ቃል!» አለ በሽር። «ይኸኛውስ ስንት አለው?»

ከግቢው ማዶ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቶች ለብቻ ከታረደው በግ ዘንድ የተቀመጠው አያሌው አንገቱን አሰገገ። «ኧረ ቶሎ በሉ እናንተ ሰዎች! ኒካሁ ሳያልቅ አንቀምስም ብለን ወጡ ሊያርርብን ነው!»

አደም አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ሸህ ዑመር ዘንድ ስቀራ በተሳሳትኩ ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ የምታርመኝ እሷ ናት። ድምጿን ለመስማት ስል እየተሳሳትኩ፣ ይህን አንድ ሱራ ሁለት ዓመት ቀራሁት።»

«ዛሬም አውቀህ ነው የተሳሳትከው?» አሉ ሸህ ዑመር፣ ፊታቸውን ለማኮሳተር እየታገሉ።

«የለም አባባ። ዛሬስ እውነትም ጠፍቶብኝ ነው።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ሸምሱ ያን ሳቅ እየሰማ ሌላ ጥያቄ መጣለት፤ ከየትኛው ኪታብ እንዳገኘው አያውቅም። ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ሩቂያ፣ እሱ የሚያውቀው፣ አንቺ ግን የማታውቂው ምን አለ?»

«ሽመና» አለች።

«ምን?» በሽር ካለበት ብድግ አለ። «ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ እግሯን ከታ ልትሸምን? ሴት ትፈትላለች እንጂ!»

«አያ በሽር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትል ኖርኩ። የፈተልኩት የት እንደሚገባ ልየው እንጂ።»

ሸምሱ የዘቢዱ ኪታብ አንድ ገጽ ዐይኑ ላይ መጣበት፤ የእጅ ሙያ ማስተማር መህር ይሆናል። ግን ያን የጻፉት ሊቃውንት የደብረ ታቦርን የሸማኔ ጉድጓድ መቼ አዩት? ሴት አልገባችበትም ሲባል መቼ ሰሙ? የለመደችው ሁለት ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። አደምን አየው። ልጁ ዐይኑን ከመጋረጃው አልነቀለም።

«ይሆናል» አለ ሸምሱ።

«ስንት ቃል አለው?» አለ በሽር።

«አንድ።»

እልልታው ከመጋረጃው ወዲያ ፈነዳ። ከግቢው ማዶም የክርስቲያኖቹ ሴቶች ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ። ሸህ ዑመር የአደምን እጅ ጨብጠው «ልጄን ሩቂያን ሽመና ልታስተምራት ድሬልሃለሁ» አሉ። አደም «ተቀብያለሁ» ለማለት ሦስት ጊዜ ጀምሮ በሦስተኛው ወጣለት። በሽር ራሱ «እንግዲህ ጉድጓዱን አስፋው፣ ለሁለት ሊጠብ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሸምሱም ከባሕሩ ከተሻገረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከበሮው ሲጀመር ግን ከሰዉ መሐል ወጥቶ ቀለምና ወረቀት አስመጣ። ከግድግዳው ጥግ ቁጭ ብሎ ለዘቢዱ መምህሩ ጻፈ፦ እንዲህ ብዬ ፈርጃለሁ፤ ልክ ነኝን? ሸህ ዑመር በማግስቱ ደብዳቤውን በጥምጥማቸው አስገብተው ሄዱ።

በዓመቱ በደኅና ተመለሱ። ሸምሱ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጠየቃቸው።

«ከሐጁ በኋላ ዘቢድ ጎራ ብዬ በእጃቸው ሰጠኋቸው» አሉ ሸህ ዑመር። «ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብለው አነበቡት። ሳቁ። ከዚያ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱትና የሠርጉ ነው ብለው እንድበላ ተምር አቀረቡልኝ።»