ታኅሣሥ 23 ቀን 1962

አርባ ሦስት ሠራተኞች በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወልደዋል። ተአምር አይደለም። ኮምፒውተር ሰከንድ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው፤ የልደት ቀን ሳይሞላ ከቀረ ዜሮ ብሎ ይይዘውና ያንኑ ቀን ያወጣል። የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛዋ እያንዳንዱን እየጠራች ስታርም ሦስት ሳምንት አለፋት። አሁን የቀሩት የመሥሪያ ቤቱ በር ጠባቂ ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ናቸው።

«ዛሬም ‹ነገ› እንዳይሉኝ ጋሼ፤ ደክሞኛል።»

«ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቴ ነው ይላል?»

«አምሳ አምስት።»

«እሱ ተምሮ እንዲህ ካለ፣ እኔ ማን ነኝና እከራከራለሁ?»

«ጋሼ!»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ የክርስትና ካርድ አወጡ። ቀና ብላ ሳታያቸው 1944 ብላ ሞላች። ስማቸው ወዲያው ቀይ ሆነ፦ ‹የጡረታ ዕድሜው አልፏል፤ ከሥራ ይሰናበት።›

ቀና ስትል የበሩን ቁልፍ ከወገባቸው እየፈቱ ነበር።

«ጨረስሽ ልጄ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረችና የሞላችውን ቀን መልሳ አጠፋችው።

«ሲስተም የለም ጋሼ። ነገ ይምጡ።»