የእንቅቡ ቁራጭ

ጠብታው ከብሩሹ ወርዶ የእንቅቡ ሣር ላይ ካረፈ በኋላ ነው ርሆቦት ምን እንዳደረገች የገባት። ጠዋቱን ሙሉ ከአንድ ዋሻ ተቆፍረው የወጡ ገሎችን ስትመዘግብ ነበር፤ ገል ላይ ውሃ የመሰለ የጥፍር ቀለም ይቀባና ሲደርቅ ቁጥሩ ይጻፍበታል። እጇ ለምዶ ቀጠለ። አሁን ፊቷ ያለው ግን መዳፍ የማይሞላ የእንቅብ ቁራጭ ነው። ዕድሜው በቤተ ሙከራ የሚለካው ከተሰፋበት ከራሱ ከሣሩ ስለሆነ ምንም ነገር ሊነካው አይገባም።

ጠብታው እየሰረገ ወደ ሁለተኛው የስፌት ዙር ገባ። ከመንገድ «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» የሚለው የታክሲ ጥሪ ይሰማል፤ ከደረጃው ደግሞ የኃላፊዋ የጋሼ ሰብስቤ ከዘራ። መቀስ አነሳች። ጠብታው የነካው ጫፍ ብቻ ቢቆረጥ ማን ያውቃል?

«አስቀምጪው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ሰብስቤ ከበሩ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አስፈራት። «የነካሽውን ቦታ፣ ሰዓቱንና ስምሽን ቅጹ ላይ ጻፊ።»

«ከሥራ ያስወጡኛል?»

«መጀመሪያ ጻፊ።»

ጽፋ ስትጨርስ ቅጹን ከላይ ጀምራ አየችው። የሰፋው ሰው፦ አይታወቅም። የተገለገለበት፦ አይታወቅም። ዋሻው ውስጥ የተወው፦ አይታወቅም። ከሁሉም ሥር፣ ገና ባልደረቀ ቀለም፣ በስም የምትታወቀው ያበላሸችው ብቻ ነበረች።