የሌላ አገር ንጋት

ፍሬሕይወት በአምስት አገር የተበተነ የሶፍትዌር ቡድን መሪ ናት። እያንዳንዱ ቡድን ክኒን እየዋጠ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲተኛና እንዲነቃ ሕግ የወጣ ጊዜ፣ «በማን አገር ንጋት እንንቃ?» ተባለ። እሷም ይሉኝታ ያዛትና ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላሉት ባልደረቦቿ «በእናንተ ይሁን» አለቻቸው። እንደኛ ሰው «ኧረ በፍጹም፣ በእናንተ!» የሚሏት መስሏት ነበር። እነሱ ግን አመስግነው ተቀበሉ። እዚያ ሲነጋ ደግሞ እዚህ ይመሻል።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አዳማ የምትኖረውን የቡድኗን ባልደረባ ገላኔን ልትጠይቅ ሄደች። የገላኔ ልጅ ሲፈን ገና ከእንቅልፏ መነሳቷ ነው። ጡት ስትጠባ የእናቷ የክኒን ሰዓት ተጋብቶባት፣ ይኸው አምስት ዓመቷ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነጋላታል።

«በእኔ የተነሳ...» ብላ ጀመረች ፍሬሕይወት።

«ኧረ ተይ፣ ለምደነዋል» አለች ገላኔ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች።

ሲፈን ፊቷን ታጥባ፣ ኳሷን ታቅፋ ደጅ ወጣች። የሰፈሩ ልጆች እናቶቻቸው እየጠሯቸው አንድ በአንድ ገቡ። ደጁ ጭር ሲልባት ተመልሳ እንግዳዋ ፊት ቆመች።

«እኔ ስነሳ ሁሉም የሚገቡት ምን አድርጌያቸው ነው?»

«አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረባት። ፍሬሕይወትን ግን አሁንም ይሉኝታ ያዛት።

«አይዞሽ፣ ነገ ይጠብቁሻል» አለቻት።

ሲፈን አመነቻት። ኳሷንም ለነገ ብላ በሩ ሥር አስቀመጠችው።