የጋራው ፎልደር

ዳንግላ ላይ ሰው ሲሞት፣ በቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሳሎኗ ውስጥ ሆና የምትተይበው ዘውድነሽ ናት። ዛሬ ወንድሟ ውቤ የእሷን ዊንዶውስ ኮምፒውተር ከራሱ ሊኑክስ ላፕቶፕ ጋር በኔትወርክ ሲያገናኝላት አረፈደ።

«የጋራ ፎልደሩን አሁን ፈጠርኩት፤ ባዶ ነው፣ እስኪ ክፈቺው» አላት ከጓዳ ሆኖ።

ባዶ አልነበረም። አንድ ጽሑፍ ተቀምጧል፦ «የወጣት ውቤ አጭር የሕይወት ታሪክ»። ቀኑ የዛሬ ነው። አጻጻፉ ቁርጥ የራሷ ነው፤ ውቤማ በአማርኛ መተየብ አያውቅም። ወደ መጨረሻው ወረደች።

«...ለእህቱ ፕሪንተር ገመድ ሊገዛ እንደ ወጣ፣ አስፋልቱን ሲሻገር...»

«ዘውዴ፣ የፕሪንተሩ ገመድ አጠረን፤ ገዝቼ መጣሁ!»

«ውቤ! ቆይ!»

የግቢው ቆርቆሮ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።