አረቄ በመድኃኒት ማንኪያ

ሰውየው አረቄ በአንድ ጊዜ ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የጤና ጣቢያው አልጋ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ነርሷ የቀራትን የመጨረሻ ማረጋጊያ መርፌ፣ ዲያዜፓም፣ ጠዋት ወግታዋለች። ከሱሉልታ የሚያስወጣው መንገድ ተቃዋሚ ሰልፈኞች በድንጋይ ስለዘጉት አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

«አረቄው በድንገት ስለቀረባቸው ነው፤ ትንሽ ካልቀመሱ ባለቤትዎ ሊሞቱ ይችላሉ» አለች ወደ ሚስቱ ዞራ።

ሚስቱ ከነጠላዋ ስር ትንሽ የአረቄ ጠርሙስ አወጣች። «ልደፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ» አለች ቀስ ብላ።

ነርሷ ለስንቱ በሽተኛ የከለከለችውን አረቄ በመድኃኒት ማንኪያ ለካችና ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። «ለዛሬ መድኃኒትዎ ነው፣ ኦቦ ቱሉ።»

ጥርሱ እየተንገጫገጨ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«በልጃችን አይደል ያስማልሽኝ?» አለና አፉን ገጠመ።